ማታ ማታ በአጭር ሞገድ የሚገባው የአማርኛ መንፈሳዊ ጣቢያ ከየት ነው? (ደሴና ኮምቦልቻ)

ሰኞ_ገበያ (ደሴ)
ሰላም ጀማዓ፣ እንዴት ናችሁ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ በአጭር ሞገድ፣ 31 ሜትር በሚለው ባንድ ላይ፣ አንድ የአማርኛ መንፈሳዊ ፕሮግራም ይገባልኛል። ከመጀመሩ በፊት የባንዱ ሹክሹክታ ድንገት ጸጥ ይላል። ጣቢያው ተከፍቶ ማንም የማይናገርበት ይመስላል። ከዚያ ሙዚቃ፣ መዝሙር፣ ስብከት። ሰዓቱ ሲሞላ ያለ ብዙ ስንብት ያልቅና በሌላ ቋንቋ ይቀጥላል። ሲዳምኛ ይሁን ሀዲይኛ አልለየሁትም።

አዲስ አበባ ነው ብዬ ነበር። ግን የአዲስ አበባ ቢሆን እንዲህ ከፍ ዝቅ ይላል? ለአንድ ደቂቃ ጥርት ብሎ ሰውዬው አጠገቤ የተቀመጠ ይመስለኛል፣ ወዲያው ይሰምጣል፣ ደግሞ ይመለሳል።

ሬዲዮው የአጎቴ የድሮ ፊሊፕስ ነው። በባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ የመርፌው ክር ስለላላ የቆመበትን ቁጥር አምኜ መናገር አልችልም። የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

የሆጤ_ልጅ (ደሴ)
አጭር ሞገድ ገና አለ እንዴ? እኔ ከደርግ ጋር አብሮ የወደቀ መስሎኝ።

ሽቦ_አንቴና (ኮምቦልቻ)
አለ፣ አለ። ጸጥ ብሎ አለ።

ወንድሜ ሰኞ ገበያ፣ የነገርከን ነገር ሁሉ የሚያመለክተው ትራንስ ወርልድ ሬዲዮ ወደሚባለው የሚስዮናውያን ጣቢያ ነው። ከኢስዋቲኒ ነው የሚያሰራጨው፤ ድሮ ስዋዚላንድ የምንላት። ማሰራጫው ማንዚኒ ከተማ አጠገብ ነው፣ ከ1974 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ። ማታ ማታ ወደ እኛ አቅጣጫ አንቴናውን አዙሮ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሌሎች የአገራችንን ቋንቋዎች በተራ በተራ ያስገባል። አማርኛው አልቆ በሌላ ቋንቋ የሚቀጥለው ለዚህ ነው፤ ጣቢያው ያው ነው፣ የተቀየረው ተራው ነው። ያ ጸጥታም ማሰራጫው ቀድሞ ተከፍቶ ድምፅ እስኪገባ ያለው ጊዜ ነው። ቢሆንም እኔ ስላልኩህ አትመን። የመክፈቻውን ማስታወቂያ ጠብቅና ስሙን ከራሱ አፍ ስማ።

አሁን ወደ አዲስ አበባው ጥያቄህ። ከደሴ እስከ ኢስዋቲኒ ከ4 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ በአየር ጉዞ እዚሁ ጎረቤት ናት። ታዲያ የሩቁ እየተሰማ የቅርቡ ለምን ይጠፋል? አጭር ሞገድ መሬት ይዞ አይመጣም። ወደ ላይ ይወጣና አየኖስፌር የሚባለው የከባቢ አየር ክፍል መልሶ ወደ መሬት ይጥለዋል። ከአድማስ ጠጋ ብሎ በዝቅታ የተላከ ሞገድ በአንድ ዝላይ እስከ 4 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ቅርብ ላለ አድማጭ ግን ሞገዱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጥቶ ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት፣ ይኼ ደግሞ ማታ በ31 ሜትር ባንድ ብዙ ጊዜ አይሆንም፤ ሰማዩን ሰንጥቆት ይሄዳል። ስለዚህ በማሰራጫውና በመጀመሪያው ማረፊያ መካከል ያለው አገር ምንም አይሰማም። ከፍ ዝቅ የሚለው ደግሞ ያው አንድ ሞገድ በሁለትና በሦስት መንገድ ስለሚደርስህ ነው። አንዳንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዳንዴ ይጣፋሉ።

ፕሮግራም ስትፈልግ ሰዓቱ ሁሌ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር፣ ዩቲሲ በሚሉት ነው የሚጻፈው። ለእኛ ቀላል ነው፤ 3 ቀንስለት። 17፡30 ካለ 14፡30 ይሆናል፣ ማለት ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል። ፈረንጅ ሰዓት ውስጥ ገብተህ አትጨነቅ። ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በማርች የመጨረሻ እሁድና በኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ፣ የዓለም የአጭር ሞገድ ጣቢያዎች ሁሉ መርሐ ግብራቸውን ይቀይራሉ። ያን ጊዜ ጠፋብኝ ብለህ ሬዲዮውን እንዳትመታው።

ሰኞ_ገበያ (ደሴ)
ኧረ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ! ሦስት ቀንስ የሚለውን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። አንድ ነገር ልጨምር፦ ቤት ውስጥ ጩኸቱ ብዙ ነው፣ ዝዝዝ የሚል። መብራት የጠፋ ማታ ግን ወላሂ ሌላ ሬዲዮ ነው የሚመስለው።

ሽቦ_አንቴና (ኮምቦልቻ)
መልሱን ራስህ አገኘኸው። ጩኸቱ ከሰማይ አልመጣም፣ ከቤትህ ነው። ርካሽ የኤል ኢ ዲ አምፖል፣ የስልክ ቻርጀር፣ ዲኮደር፣ ስታቢላይዘር፣ ሁሉም በዚህ ባንድ ላይ ይጮኻሉ። አንድ ማታ ቆጣሪው ላይ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ አጥፋውና አዳምጥ። ጩኸቱ ከቀረ አንድ በአንድ እየሰካህ ጥፋተኛውን ያዝ። ካልቀረ የጎረቤት ነው፣ ያኔ በሰላም ኑር።

አንቴና ደግሞ ስጠው። እዚህ ኮምቦልቻ ሞተር የሚጠቀልሉ ልጆች ዘንድ ከተቃጠለ ሞተር የወጣ የመዳብ ሽቦ አይጠፋም። አሥር፣ አሥራ አምስት ሜትር በቂ ነው። ሽቦው ቫርኒሽ የተቀባ ስለሆነ ጫፉን በምላጭ ፍቀው፤ ቀዩ መዳብ እስኪያበራ። ካልፈቅኸው ያሰርከው ለጌጥ ነው። አንዱን ጫፍ ባሕር ዛፉ ላይ በሲባጎ አድርገህ ስቀል፣ ሽቦው ራሱ ዛፉን እንዳይነካ። ሌላውን ጫፍ የሬዲዮው አንቴና ላይ ጠቅልል። ሬዲዮው ተጨናንቆ ጣቢያዎቹ እርስ በርስ ከተደራረቡ ሽቦውን ቆርጠህ አሳጥረው። ክረምት ላይ ግን ሰማዩ ሲጠቁር፣ ማጉረምረም ሳይጀምር ነቅለህ ወደ ውጭ ወርውረው። የደሴ መብረቅ ቀልድ አያውቅም።

የሸዋ_በር (ደሴ)
አሰላሙ አለይኩም። ርዕሱን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

አባቴ፣ አላህ ይማረውና፣ የጨርቅ ነጋዴ ነበር። ዒሻ ሰግዶ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ሬዲዮ ይከፈታል። የሚከፍተው ምን ይመስላችኋል? ብሥራተ ወንጌል! ለዜናው ነው። የመንግሥትን ሬዲዮ ሰምቶ፣ ቀጥሎ እነሱ ያንኑ እንዴት እንዳወሩት ይሰማና ልዩነቱን ለእናቴ ይነግራታል። ስብከት ሲመጣ ድምፁን ዝቅ ያደርገዋል እንጂ አይዘጋውም፤ ቀጥሎ ስለ ጤና ወይ ስለ እርሻ ሊያወሩ ይችላላ። ጎረቤታችን የነበሩ ቄስ «ሐጂ፣ ዛሬ ምን አለ ሬዲዮዎ?» ብለው በአጥር ይጠይቁታል። እሳቸው ደግሞ የጴንጤ ነው ብለው አይከፍቱትም ነበር! ዜናውን ግን በአባቴ በኩል ይወስዱ ነበር።

አሁን እኔን የሚገርመኝ፣ ያንን ጣቢያ ያቋቋሙት ሰዎች አድማጫቸው ማን እንደሆነ ያውቁ ነበር?

ጋሽ_ትራንዚስተር (አዲስ አበባ፣ ትውልድ ደሴ)
የሸዋ በር ልጅ፣ አባትህን ነፍስ ይማር። ያውቁ ነበር፤ እንዲያውም አስበውበት ነው።

ብሥራተ ወንጌል የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ጣቢያ ነበር። የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. ጃንሆይ ባሉበት ተመረቀ። ሁለት ባለ 100 ኪሎ ዋት የአጭር ሞገድ ማሰራጫ ነበረው፤ ማሰራጫው ገጃ፣ ስቱዲዮው አዲስ አበባ። ከዚህ ከእኛ አገር ተነስቶ በአማርኛ፣ በስዋሂሊ፣ በሐውሳ፣ በማላጋሲ፣ በፋርስኛ፣ በሌሎችም ይናገር ነበር። እስቲ አስቡት፣ ኢራን ውስጥ የተቀመጠ ሰው ፋርስኛ የሚሰማው ከአዲስ አበባ ነው። ዛሬ ሰኞ ገበያ ከአፍሪካ ደቡብ ጫፍ አካባቢ አማርኛ መስማቱ ቢገርመው፣ ያን ጊዜ እኛ ነበርን ለሌላው የሩቅ ጣቢያ።

መመሪያቸው ደግሞ የታወቀ ነበር፦ ከአየር ሰዓቱ 30 በመቶ ገደማው መንፈሳዊ፣ 70 በመቶው ዜና፣ ትምህርት፣ ጤና፣ ባህል። ሌሎቹ ሚስዮናውያን ጣቢያዎች በዚህ ይተቿቸው ነበር። ወንጌል ትተው እርሻ ያስተምራሉ እያሉ። እኔ ግን ሐጂ ሬዲዮውን ያልዘጉት በዚያ 70 በመቶ ምክንያት ነው እላለሁ፤ 30ውም በዚያው ቤት ውስጥ ዝግ ብሎ ይሰማ ነበር።

መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰው። ወታደር ገባ፣ የጣቢያው ስም የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ። ያው ማሰራጫ፣ ያው አንቴና፣ ሌላ አፍ። መካነ ኢየሱስ የምሥራች ድምፅ ስቱዲዮዋ ነበራት፤ ፕሮግራም የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች በዚያ በኩል ተምረዋል፣ ከዚያ በኋላ የተዘጋጀውን ካሴት ይዞ ሌላ አገር ማሰራጫ መለመን መጣ። የዛሬው የኢስዋቲኒ አማርኛም ከዚያው ባዶ ቦታ ጋር የተያያዘ ነው ባይ ነኝ፦ ከውስጥ ሲዘጋ ከውጭ ይገባል። አየር ድንበር የለውም፣ ለዚህ ነው አጭር ሞገድ ለእነሱም ለመንግሥታትም እኩል የጣፈጣቸው።

ቦርከና_ማዶ (ኮምቦልቻ)
ታሪኩ ጥሩ ነው፣ አልካድኩም። ግን ዛሬ ላይ እንነጋገር። 100 ኪሎ ዋት ማለት እኮ ያገሬን ወፍጮ ቤት ሁሉ አንድ ላይ ማንቀሳቀስ ነው። ለማን? በየወረዳው ቴሌግራም አለ፣ ስብከቱ ዩቲዩብ ላይ በሽ በሽ ነው። ገጠር የሚኖረው ወንድሜ እንኳ ሚሞሪ ካርድ የሚበላ ሶላር ሬዲዮ ነው የያዘው። መዝሙርም መንዙማም ከተማ መጥቶ አስጭኖ ይሄዳል። ኤፍ ኤም እንጂ አጭር ሞገድ የለውም ሬዲዮው። የለጋሾች ገንዘብ ማባከን ነው የሚመስለኝ።

ሽቦ_አንቴና (ኮምቦልቻ)
ስለ ሚሞሪ ካርዱ ልክ ነህ። እኔም ገበያ ላይ አያለሁ። ባለ 9 ባንድ ተብለው የሚሸጡት የቻይና ሬዲዮዎች አጭር ሞገድ አላቸው፣ ግን ገዢው ሲገዛ የሚጠይቀው መብራቱንና ፍላሽ መሰኪያውን ነው።

ስለ ገንዘቡም ያልከው ብዙዎቹን ጥሏቸዋል፣ ወይም አገር ጥሏቸዋል። ትልቁን ልንገርህ፦ ኤች ሲ ጄ ቢ፣ የአንዲስ ድምፅ፣ ኢኳዶር ኪቶ። እ.ኤ.አ. በ1931 የገና ዕለት የጀመረ፣ ከሚስዮናውያን ጣቢያዎች ሁሉ ታላቅ ወንድም። ኪቶ 2,800 ሜትር ላይ ናት፣ ከደሴ ትበልጣለች። አየሩ ስስ ስለሆነ ማሰራጫቸውን ወደ 10 ኪሎ ዋት ሲያሳድጉት የአንቴናው ጫፍ ማታ ማታ እሳት መትፋት ጀመረ፤ አልሙኒየሙ እየቀለጠ ይበላ ነበር። ክላረንስ ሙር የሚባል መሐንዲሳቸው እ.ኤ.አ. በ1942 ምን አደረገ? ጫፍ ከሌለ እሳት የለም ብሎ አንቴናውን በአራት ማዕዘን ቀለበት አድርጎ ዘጋው። ያ «ኳድ» የሚባለው አንቴና ነው፤ ዛሬ በዓለም ያለ አማተር ሬዲዮኛ ሁሉ የሚያውቀው። ስብከቱን ያልሰማ ሰው አንቴናቸውን ሰቅሎ ይኖራል።

እና ያ ጣቢያ በምን ተዘጋ? በአውሮፕላን ማረፊያ! ኪቶ አዲስ ኤርፖርት ስትሠራ ፒፎ ላይ የነበሩት ምሰሶዎች በበረራ መንገድ ላይ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2009 ፈረሱ። አውስትራሊያ ያለው ክፍላቸው ግን ኩኑኑራ ላይ ቀጥሏል። ፌባ የሚባለው ደግሞ ሲሼልስ ላይ አንቴናውን ባሕር ውስጥ፣ ኮራል ድንጋዩ ላይ ተክሎ ነበር። ጨዋማ ውሃ ሞገድን አርቆ ይልካል። እሱም እ.ኤ.አ. በ2003 ማሰራጫውን ዘጋና ከሌሎች አየር መከራየት ጀመረ። ኤልዋ የሚባለው ጣቢያ ላይቤሪያ ውስጥ ነበር፤ የእርስ በርስ ጦርነቱ አወደመው።

ትራንስ ወርልድ ራሱ የተሰደደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ታንጂር ሞሮኮ ላይ በ2,500 ዋት ጀመረ፣ ሞሮኮ ነፃነቷን አግኝታ ጣቢያዎችን ስትወርስ ሞንቴ ካርሎ ገባ። እዚያ የገባበት ሕንፃ ጀርመኖች በጦርነቱ ጊዜ ለፕሮፓጋንዳ የሠሩት ነው። ደርግ ከወንጌል ወደ አብዮት አዞረ፣ እዚያ ደግሞ ተገላቢጦሽ።

ሐረጎ (ኮምቦልቻ)
ቦርከና ማዶ፣ ወንድሜ፣ ለማን ነው ላልከው እኔ ልመልስ።

በ2014 ጦርነቱ ወደ እኛ ሲመጣ የት ነበርክ? እኛ እዚሁ ነበርን። መብራት ጠፋ፣ ኔትወርክ ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ። ቴሌግራምህ ምን ይሠራል? ስልኩ የእጅ ባትሪ ሆነ፣ ቆይቶ እሱም ሞተ። አማቴ አንዲት ትንሽ ሬዲዮ ነበረቻቸው። ድንጋዩ ሲደክም ቀን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፣ ማታ ለትንሽ ጊዜ ይነሳል። እሳቸው የጀርመን ድምፅን፣ የአሜሪካ ድምፅን ነበር የሚፈልጉት፣ የት ደረሱ ለማለት። መርፌውን ሲያዞሩ ግን መንፈሳዊው ይገባል፤ እኛ ተዋሕዶ ነን፣ የማን ጣቢያ እንደሆነም አናውቅም። «ተይው እቴ፣ ይናገር» አሉኝ አንድ ማታ። ልጆቹ ፈርተው አልተኙም ነበር፣ ሰውዬው በዝግታ መዝሙረ ዳዊት ያነብ ነበር፣ አንደኛዋ ልጅ እያዳመጠች ተኛች። በዚያ ሰሞን ድንጋዩን ለዜና ብቻ እንቆጥብ የሚልና ለልጆቹ እንክፈት የሚል ሙግት ቤታችን ውስጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ሬዲዮዋን ማንም ከመደርደሪያው አላነሳትም።

አሁን አልሰማውም፣ ልዋሽህ አልችልም። ግን ቢዘጋ ቅር ይለኛል።

ቦርከና_ማዶ (ኮምቦልቻ)
እቴ ሐረጎ፣ እኔ ያኔ ደብረ ብርሃን ተፈናቅዬ ነበር። ያልሽውን አልከራከርም። ግን አንድ ጣቢያ ጦርነት እስኪመጣ እየጠበቀ ዓመቱን ሙሉ ማሰራጫ ያቃጥላል ማለት አሁንም አይገባኝም። መንግሥት ነው ይኼን ማድረግ ያለበት።

የሸዋ_በር (ደሴ)
መንግሥት ያቃጥለው የነበረውን ማሰራጫ ከማን እንደወሰደው ጋሽ ትራንዚስተር ከላይ ነገሩህ።

የሆጤ_ልጅ (ደሴ)
እኔ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከአየር የሚመጣ ስብከት ማን ነው የሚቆጣጠረው? የሰፈራችን ሰባኪ ቢሳሳት ሄደን እንጠይቀዋለን። ይኼ ግን ድምፅ ብቻ ነው።

ከፖቶማክ_ማዶ (ቨርጂኒያ)
ወንድሜ የሆጤ ልጅ፣ ነጥብህ ከባድ ነው፣ እዚህ አሜሪካ ያለው ደግሞ የበለጠ ያረጋግጥልሃል። ፋሚሊ ሬዲዮ የሚባል ነበር፤ ፍሎሪዳ ኦኪቾቢ ላይ ትልቅ የአጭር ሞገድ ማሰራጫ የነበረው፣ ዓለምን በብዙ ቋንቋ የሚያዳርስ። ኃላፊው ሃሮልድ ካምፒንግ እ.ኤ.አ. ሜይ 21 ቀን 2011 የፍርድ ቀን ነው ብሎ በዚያ ሁሉ ማሰራጫ ለዓለም አወጀ። ቀኑ መጣ፣ ሄደ። ንብረታቸውን የሸጡ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 አጭር ሞገዱ ተዘጋ።

ቀጥሎ ያለው ነው የሚያስቀው። ያንን ማሰራጫ ደብሊው አር ኤም አይ የሚባል የግል ጣቢያ ወሰደው። እሱ ደግሞ የአየር ሰዓት ነው የሚሸጠው። የከፈለ ይናገራል፤ ሰባኪውም፣ ነቢይ ነኝ ባዩም፣ ሙዚቃ ወዳዱም። ስለዚህ ሁሉንም «የክርስቲያን ጣቢያ» ብሎ በአንድ ከረጢት መክተት አይሆንም። ቫቲካን ሬዲዮ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1931 የሬዲዮ ፈልሳፊው ማርኮኒ ራሱ የተከለው፣ አማርኛና ትግርኛ ክፍል ያለው፤ ከኋላው የሚጠየቅ ቤተ ክርስቲያን አለ። ትራንስ ወርልድም የየቋንቋውን ፕሮግራም ከየአገሩ ሰዎች ጋር ነው የሚሠራው። በዶላር ሰዓት የተከራየ ብቸኛ ሰባኪ ደግሞ ለብቻው ነው።

ተዋሕዶ_ወሎ (ደሴ)
ዞሮ ዞሮ ዓላማው የእኛን ምእመን መውሰድ ነው። የቅድስና ነገር አታስመስሉት። ሐይቅ እስጢፋኖስ ባለበት አገር ከኢስዋቲኒ ወንጌል አያሻንም።

አወያይ
ክሩን ወደ ሃይማኖት ክርክር አትውሰዱት። ስለ ሬዲዮው ተነጋገሩ፣ ያለዚያ እዘጋዋለሁ።

የሸዋ_በር (ደሴ)
ወንድሜ ተዋሕዶ፣ አብሽር። አባቴ ብሥራተ ወንጌልን ዓመታት ሰምቶ ሐጂ ሆኖ ነው የሞተው። ሬዲዮ ማጥፊያ ቁልፍ አለው።

ተዋሕዶ_ወሎ (ደሴ)
ይኼን እንኳ ጥሩ አልክ። ሆኖም ሁሉ እንደ አባትህ አይደለም።

ሰኞ_ገበያ (ደሴ)
ተመለስኩ። ትናንት ማታ ቀድሜ ከፍቼ ጠበቅሁ። ሽቦውን ፍቄ ባሕር ዛፉ ላይ ሰቅዬዋለሁ፣ የሳሎኑን አምፖልም ነቅያለሁ (ጥፋተኛው እሱ ነበር፣ እናቴ በጨለማ እራት በላሁ ብላ ከሰሰችኝ)። ያ ጸጥታ መጣ፣ ሙዚቃው መጣ፣ ከዚያ ሴትዮዋ በጥርት ያለ አማርኛ የትራንስ ወርልድ ሬዲዮ ስርጭት ነው አለች። ጋሽ ሽቦ አንቴና ልክ ኖት። ስብከቱ ስለ ይቅርታ ነበር፣ ግማሹን ሰማሁት፣ ግማሹ ሰመጠብኝ።

አሁን ልጽፍላቸው አስቤአለሁ። ይመልሳሉ?

ሽቦ_አንቴና (ኮምቦልቻ)
ጻፍ! ከስብከቱ ይልቅ ለመሐንዲሶቹ የምትጠቅመው አንተ ነህ። አንቴናውን ወደ እኛ አዙረው ይልካሉ እንጂ ደሴ ላይ፣ ከጦሳ ሥር፣ እንዴት እንደሚገባ በምን ያውቃሉ? ሰሚ ካልጻፈ ባዶ አየር ላይ ነው የሚናገሩት።

«ሰማኋችሁ፣ ተባረኩ» ብለህ ብቻ አትላክ። ቀኑን፣ ሰዓቱን በዩቲሲ፣ ባንዱንና ከቻልክ ቁጥሩን፣ የተጠቀምከውን ሬዲዮና አንቴና ጻፍ። የሰማኸውን በዝርዝር አስቀምጥ፤ በዚህ ደቂቃ መዝሙር፣ በዚህ ደቂቃ ስለ ይቅርታ፣ እንዲህ እያልክ። በእርግጥ እንደሰማሃቸው የሚያውቁት በዚያ ነው። ከዚያ ሲንፖ የሚሉት አምስት ቁጥር አለ፣ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 5፣ 5 ምርጥ፦ የሞገዱ ጉልበት፣ የሌላ ጣቢያ ጣልቃ መግባት፣ ጩኸት፣ ከፍ ዝቅታው፣ በአጠቃላይ። ያንተ ትናንት እንደነገርከን ከሆነ 3 4 4 2 3 ልትለው ትችላለህ። አራተኛውን 2 ማድረግህ ስድብ አይደለም፤ ለእነሱ የሚጠቅማቸው እሱ ነው። ሁሉንም 5 የሚል ደብዳቤ የትም አያደርስም።

ካመኑህ ኪው ኤስ ኤል የሚባል የማረጋገጫ ካርድ ይልካሉ፤ ድሮ በፖስታ ነበር፣ አሁን ብዙዎቹ በኢሜይል። እኔ ከድሮዎቹ ጥቂት አሉኝ፣ ከኪቶ የመጣው ላይ የተራራ ሥዕል አለው። ጣቢያው ሲፈርስ ካርዱ ዋጋ አወጣ፣ ሊገዛው የጠየቀኝ ጀርመናዊ ነበር። አልሸጥኩትም።

የሆጤ_ልጅ (ደሴ)
ጋሼ፣ አንድ ሬዲዮ ልገዛ ነው። ባለ 9 ባንዱ ይበቃል?

ሽቦ_አንቴና (ኮምቦልቻ)
ለመጀመሪያ ይበቃል። ሱቁ ውስጥ አትሞክረው፣ የሱቁ አምፖሎች ያደነቁሩሃል፤ ውጭ አውጥተህ ክፈተው። አንድ ጣቢያ ሁለት ቦታ ላይ ከተሰማህ አትደነቅ፣ የርካሽ ሬዲዮ ጠባይ ነው። ገንዘብ ካለህ ጣቢያውን በቁጥር የሚያሳይ ቴክሰን የሚባል ሬዲዮ ፈልግ፣ እሱን ግን ከውጭ የሚመጣ ሰው ካላመጣልህ እዚህ ማግኘት ያስቸግራል።

ከፖቶማክ_ማዶ (ቨርጂኒያ)
ለጥምቀት ስመጣ አንድ ሁለት መያዝ እችላለሁ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ቦርከና_ማዶ (ኮምቦልቻ)
አንዱን ለእኔ ያዝልኝ። ለሙከራ ነው፣ ሐሳቤን አልቀየርኩም።

ሐረጎ (ኮምቦልቻ)
ሞተር የሚጠቀልሉት ልጆች የትኛው ጋ ናቸው ጋሼ? ወደ ፋብሪካው መሄጃ ካሉት ነው?

ሽቦ_አንቴና (ኮምቦልቻ)
እነሱው ናቸው። ከሰዓት በኋላ ሂጂ፣ ጠዋት ሥራ ስለሚበዛባቸው አያናግሩሽም። በኪሎ ነው የሚሸጡት፤ ቀጭኑን ምረጪ፣ ርዝመቱ ይበዛልሻል።